ከፍታና አቅም፦ የአዲስ አበባ መሐል ከተማ የሕንፃ ክርክር በቃላቱ ታሪክ ሲታይ

መግቢያ

በብዙ የዓለም ከተሞች የሕንፃ ከፍታ ክርክር የሚነሣው ስለ ላይኛው ወሰን ነው፤ አንድ ሕንፃ ከስንት ሜትር በላይ እንዳይወጣ መከልከል አለበት የሚል ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በመሐል ከተማና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ቦታ የያዘ ሰው ከተወሰነ የፎቅ ብዛት በታች እንዳይሠራ የሚያዘው ደንብ ከላይኛው ወሰን ይልቅ ብዙ አነጋግሯል። ልዩነቱ የፕላን ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቋንቋውም ላይ ምልክቱን ትቷል። ደንቡ በአማርኛ ሲጻፍ «ዝቅተኛ የሕንፃ ከፍታ» ይባላል። በደንቡ ምክንያት ቦታውን የሚለቀው ነዋሪ ደግሞ በዚያው የአስተዳደር ቋንቋ «ዝቅተኛ ገቢ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ቅጽል በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የመጀመሪያው «ዝቅተኛ» ከፍ ባለ ቁጥር ሁለተኛው «ዝቅተኛ» ከመሐል ከተማው ይርቃል።

የዚህ ጥናት ነጥብ የሚከተለው ነው። ባለፉት አምሳ ዓመታት የአዲስ አበባ አማርኛ ለከፍታ ቁጥር ያለው፣ የሚለካና በፈቃድ ወረቀት ላይ የሚሞላ ስያሜ አግኝቷል። ለነዋሪው የመክፈል አቅም ያገኘው ግን ቅጽል ብቻ ነው። በሕግ ቋንቋ ደግሞ ቁጥር ያለው ነገር ደንብ ሲሆን፣ ቅጽል ብቻ ያለው ነገር ተስፋ ሆኖ ይቀራል። የቃላቱ ታሪክ ይህን እንዴት እንደሚያሳይ በቅደም ተከተል ይቀርባል። ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ደርብ፣ ሰገነት፣ ፎቅ

አማርኛ ወለል በወለል ላይ የተሠራን ቤት የሚጠራባቸው ነባር ቃላት አሉት። «ደርብ» ከ«ደረበ» የወጣ ነው፤ ጋቢ በጋቢ ላይ እንደሚደረብ ሁሉ ወለልም በወለል ላይ ይደረባል። ትግርኛም በዚያው ሥር «ደርቢ» ይላል። «ሰገነት» ከግእዝ የተወረሰ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያን ንባብና ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ የክብር ድምፅ አለው፤ በዛሬው አነጋገር ከሕንፃ አካል ወጣ ብሎ ለሚሠራው መቆሚያም ይውላል። ሁለቱም ቃላት ግን በከተማው የዕለት ንግግር ውስጥ ቦታቸውን ለ«ፎቅ» ለቀዋል።

«ፎቅ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በምንጩ ቋንቋ «ላይ፣ በላይ» ማለት ነው። አካባቢው በዚህ ረገድ የጋራ ታሪክ አለው። ኦሮምኛ «ፎቂ» ሲል፣ ሶማልኛ ንብብርን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የተወሰደውን «ደበቅ» ይጠቀማል፤ ስዋሂሊ ደግሞ ለክፍል ከሚውለው የዐረብኛ ቃል «ጎሮፋ» የሚለውን አውጥቷል። ሦስቱም ከአንድ ምንጭ ቢቀዱም የወሰዱት ሐሳብ የተለያየ ነው፤ አንዱ አቅጣጫን፣ አንዱ ንብብርን፣ አንዱ ክፍልን ወስዷል። አማርኛ የወሰደው አቅጣጫን መሆኑ በአቆጣጠሩ ላይ ለውጥ አምጥቷል። «ፎቅ» በትርጉሙ ከመሬት በላይ ያለው ብቻ ስለሆነ፣ «ባለ አንድ ፎቅ ቤት» ሲባል ምድሩንና በላዩ ያለውን አንድ ወለል የያዘ፣ በጠቅላላው ሁለት ወለል ያለው ቤት ማለት ነው። የታችኛው ወለል በፎቅነት አይቆጠርም። «ምድር ቤት» የሚለው አጠራር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከመሬት እኩል ያለውን፣ አንዳንድ ጊዜ ከመሬት በታች ያለውን ያመለክታል።

ይህ አሻሚነት ሕንፃዎች አጫጭር በነበሩበት ዘመን ብዙ አላስቸገረም። ከፍታ በፈቃድና በሊዝ ውል ውስጥ መጻፍ ሲጀምር ግን ችግር ሆነ። መፍትሔው ከምሕንድስና ቋንቋ የመጣው «ጂ ፕላስ» ነው። «ጂ+4»፣ «ጂ+7»፣ «ጂ+12» የሚለው አጻጻፍ ምድሩን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ በላዩ ያሉትን ይደምራል። የሚያስደንቀው፣ ይህ አቆጣጠር ከውጭ የመጣ ቢሆንም «ፎቅ» በአማርኛ ከቆየበት ትርጉም ጋር ፍጹም የሚስማማ መሆኑ ነው፤ ምድሩ ምድር፣ ከላይ ያለው ፎቅ። በዚህም ምክንያት ቃሉ ከመሐንዲሶች ወጥቶ በደላሎች፣ በግንበኞችና በቤት ፈላጊዎች አፍ ያለ ችግር ገባ። አሻሚነቱ ሙሉ በሙሉ አለመጥፋቱን ለማየት በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 209 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት መጥቀስ ይቻላል። የፎቆቹ ብዛት በተለያዩ ዘገባዎች የተለያየ ሆኖ የተነገረው በአብዛኛው ከመሬት በታች ያሉት ወለሎች አንዳንዴ ስለሚቆጠሩ፣ አንዳንዴ ስለሚቀሩ ነው። ሜትሩ ግን አላከራከረም።

ከልኬቱ ጎን ለጎን «ፎቅ» የሀብት ምልክትም ሆኖ ኖሯል። «እገሌ ፎቅ ሠራ» ማለት ስለ ግንባታ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ሰውየው ኑሮ የሚናገረው ይበልጣል። «ሰማይ ጠቀስ» የሚለው ጥምር ቃል፣ በአሠራሩ «አገር በቀል»ን እና «ልብ ወለድ»ን የሚመስለው፣ አድናቆትን በውስጡ ይዞ የተወለደ ነው። ስለዚህ ከፍታ በአማርኛ ገና ከመነሻው ሁለት መልክ ነበረው፤ አንድም ቁጥር፣ አንድም ክብር።

የሰፈር ስም እንደ ቤት ፖሊሲ መዝገብ

የመሐል አዲስ አበባ የሰፈር ስሞች ስለ መኖሪያ ቤት አስተዳደር የሚናገሩት ከሚገመተው በላይ ነው። «ሰፈር» ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ከተማዋ በመኳንንቱና በሠራዊታቸው አሰፋፈር የተመሠረተች መሆኗን ያስታውሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሌላ ዓይነት ስም መጣ። «ካዛንቺስ» የሚለው መጠሪያ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ምሕፃረ ስም «ኢንቺስ» እና «ቤቶች» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ተጣምሮ የተገኘ ነው። «ፖፖላሬ» የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለብዙኃን ለሚሠሩት ቤት ከሚሰጡት መጠሪያ ነው። በሌላ አነጋገር አማርኛ ለ«ሠራተኛ ደመወዙ የሚችለው ቤት» የተሰጠን ስም ሁለት ጊዜ ተውሷል፤ ሁለቱም ጊዜ ግን ቃሉ የቤት ዓይነት መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የቦታ ስም ሆኗል። ጽንሰ ሐሳቡ ጠፍቶ ድምፁ ቀረ።

ቀጣዩ ለውጥ ከአገር ውስጥ የመጣ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤትን» የመንግሥት አደረገ። «ትርፍ» እዚህ ላይ «ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ» ማለት ነው፤ ቃሉ በነጋዴ አፍ ያለው ትርጉም ግን ከሽያጭ የሚገኘው ጥቅም ነው። አዋጁ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ መታ፤ ከአንድ በላይ የሆነውን ቤት ወሰደ፣ ከቤት ኪራይ የሚገኘውንም ጥቅም አስቀረ። ኪራይ ተቀነሰ፤ በዝቅተኛ ኪራይ የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያለ ኪራይ የነበራቸው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስያሜ የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

«የቀበሌ ቤት» የአቅም ጉዳይን በአማርኛ በስም የያዘ ምናልባትም የመጀመሪያው የቤት ዓይነት ነው። ስሙ የሚናገረው ስለ አከራዩ ቢሆንም፣ ሰሚው ወዲያውኑ የሚረዳው ስለ ኪራዩ ማነስ ነው። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ በመቆየቱ ቤቶቹን ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። የጭቃ ግድግዳቸው ተፈረፈረ፤ መጸዳጃቸው የጋራ ሆኖ ቀረ። ነገር ግን አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ልደታ፣ ሰንጋ ተራና ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከሥራው አጠገብ እንዲኖር ያስቻሉት እነዚሁ ቤቶች ነበሩ። ከፍታን የሚደግፈውም ሆነ የሚቃወመው ወገን ክርክሩን የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። አንዱ ያረጀውን ግድግዳ ያያል፤ ሌላው ዝቅተኛውን ኪራይ ያያል።

ሊዝና «ዝቅተኛ ከፍታ»

በአዋጅ ቁጥር 80/1986 «ሊዝ» ወደ ሕጉ ገባ፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 272/1994 እና በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተሻሽሏል። ሕግ አውጪው «ኪራይ» የሚል ቃል እያለው የውጭውን ቃል መምረጡ ምክንያት ያለው ይመስላል። «ኪራይ» በወር የሚከፈልን፣ የተከራይና የአከራይ ግንኙነትን ያስታውሳል፤ በ1967ቱ አዋጅ ላይም የከረረ ስሜት ተያይዞበታል። «ሊዝ» ግን ትዝታ የሌለው ቃል ነበር። መሬት የሕዝብና የመንግሥት ሆኖ ሳለ፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የመጠቀም መብት በጨረታ የሚገኝበትን ሥርዓት ለመሰየም አዲስ ቃል አስፈለገ።

ሊዝ ከፍታን ከዋጋ ጋር አስተሳሰረ። የጨረታ ዋጋ የሚሰጠው በመሬቱ ካሬ ሜትር ነው፤ ገዢው ገንዘቡን የሚመልሰው ግን በፎቆቹ ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ብዙ ፎቅ የሚሠራ ሰው ለመሬቱ የበለጠ ዋጋ ማቅረብ ይችላል። ፕላኑ ዝቅተኛ ከፍታ ሲወስን ደግሞ ጨረታውን መግባት የሚችለው ያንን ያህል ለመገንባት የሚበቃ ካፒታል ያለው ብቻ ይሆናል። የዚህ ውጤት በመርካቶ በግልጽ ታይቷል፤ ለየብቻቸው የሚፈለገውን ሕንፃ ማቆም ያልቻሉ ነጋዴዎች ይዞታቸውን ላለማጣት አክሲዮን መሥርተው በጋራ ገነቡ። በመኖሪያ ሰፈር ያለው የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ለአክሲዮን የሚያዋጣው ይዞታ አልነበረውም።

የዝቅተኛ ከፍታ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። በመሐል ከተማ መንገዱ፣ የውኃ መስመሩና መብራቱ አስቀድሞ ተዘርግቷል፤ እዚያ አንድ ወለል ብቻ መሥራት ከተማዋ ወደ ዳር እየተለጠጠች የገበሬውን መሬት እንድትበላ ያደርጋል። በዳር የሚኖር ሠራተኛ ከደመወዙ ብዙውን ለትራንስፖርት ይከፍላል። በተቃራኒው ያሉት ደግሞ፣ ከአራት ፎቅ በላይ ሲወጣ የአንድ ካሬ ሜትር የግንባታ ወጪ እንደሚጨምር ያመለክታሉ። አሳንሰር፣ የውኃ መግፊያ፣ ጄኔሬተር፣ የእሳት መከላከያና ጠንካራ መሠረት ይመጣሉ፤ ከእነዚህም አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላም አሳንሰሩን ማሠራትና ማስጠገን በየወሩ ይከፈልበታል። የተጠጋጋ ባለ አንድ ወለል ሰፈርም ብዙ ሰው ይይዝ እንደነበር፣ የጎደለው ጥራቱ እንጂ የሰው ብዛቱ እንዳልሆነ ይናገራሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱ ወገኖች እኩል የቃላት መሣሪያ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው «ከጂ+ ይህን ያህል በታች አይፈቀድም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ሁለተኛው «ለነዋሪው ተመጣጣኝ ይሁን» ከማለት ሌላ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር አጣ።

ኮንዶሚኒየም፦ ቁጥር ስም ሲሆን

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአማርኛ «የጋራ ሕንፃ» የሚለውን ስያሜ ያዘ። ሕዝቡ ግን «ኮንዶሚኒየም» አለ፤ ቆየት ብሎም «ኮንዶ» ብሎ አሳጠረው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታ የተጀመረው የቤት ልማት መርሐ ግብር መለያው ጂ+4 ነበር። ይህ ከፍታ የተመረጠው በሥነ ውበት ምክንያት አይደለም፤ ሰው በእግሩ ሊወጣው የሚችል፣ ያለ አሳንሰር የሚሠራ የመጨረሻ ከፍታ ስለሆነ ነው። በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ከፍታና አቅም በአንድ ቁጥር ተገናኝተው ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት የጋራ መገልገያ ቤትም በሕንፃዎቹ መካከል ተሠርቷል፤ የምድር ወለል ሱቆች በጨረታ ተሽጠው ከሚገኘው ገንዘብ የመኖሪያውን ወጪ እንዲደግፉ ታስቦ ነበር።

የክፍያው አሠራር ለቋንቋው ያልተጠበቀ ነገር አስገኘ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲካሄድ ሦስት መርሐ ግብሮች ቀረቡ፤ ሕዝቡም «አሥር ዘጠና»፣ «ሃያ ሰማንያ»፣ «አርባ ስድሳ» ብሎ ጠራቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚያዋጣውን፣ ሁለተኛው ከባንክ የሚገኘውን ብድር በመቶኛ ያሳያል። ቁጥሮቹ ብዙም ሳይቆዩ ስሞች ሆኑ፤ «ሃያ ሰማንያ ተመዝግቤያለሁ»፣ «አርባ ስድሳ ነው የምቆጥበው» ተባለ። ከዚያም የሰው መደብ ምልክት ሆኑ፤ አሥር ዘጠና የሚለው ሲሰማ የመጨረሻው አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው፣ አርባ ስድሳ ሲባል ደግሞ ሻል ያለ ገቢ ያለው ሰው ታሰበ። ከፍታውም ይህን ደረጃ ተከተለ፤ በሰንጋ ተራ የተሠሩት የአርባ ስድሳ ሕንፃዎች አሳንሰር ያላቸው ረጃጅሞች ናቸው።

እዚህ ላይ አቅም በመጨረሻ ቁጥር ያገኘ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚለካው ምንድን ነው? ሃያና ሰማንያ የቤቱ ዋጋ በቆጣቢውና በባንኩ መካከል እንዴት እንደተከፈለ ይናገራሉ። ወርኃዊ ክፍያው ከቤተሰቡ ገቢ ስንት እጅ እንደሚወስድ አይናገሩም። የቤቱ ዋጋ እጥፍ ቢሆን ሃያ ሰማንያ ያው ሃያ ሰማንያ ነው። ስለዚህ የስሙ ግልጽነት አሳሳች ነበር፤ ባንኩን ለካ፣ ነዋሪውን አልለካም።

ቤቱን ስለ ማግኘት የሚነገረው ሰዋስውም ትኩረት ይሻል። ሰው ኮንዶሚኒየም «ገዛሁ» አይልም፤ «ዕጣ ወጣልኝ» ወይም «ቤት ደረሰኝ» ይላል። ባለቤቱ ዕጣው ወይም ቤቱ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ወይም ተቀባይ ሆኖ በግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በላይ በየወሩ የቆጠበ ሰው የቁጠባውን ፍጻሜ የሚናገርበት ዓረፍተ ነገር ራሱን ባለቤት አያደርገውም። «ተመዘገብኩ»ና «ቆጠብኩ» ላይ ባለቤት የነበረው ሰው «ደረሰኝ» ላይ ይጠብቃል።

ተነሺ

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በልደታ፣ ቀጥሎም በሌሎች የመሐል ሰፈሮች የተካሄደው ሥራ «መልሶ ማልማት» ተባለ። «ለማ» የሚለው ግስ ባለቤቱ መሬት ነው፤ የሚለማው ቦታው እንጂ ነዋሪው አይደለም። ነዋሪው የተለየ ስም ተሰጠው፤ «የልማት ተነሺ»። «ተነሣ» በአማርኛ ከመቀመጫ መቆምን፣ ከእንቅልፍ መንቃትን፣ ጉዞ መጀመርን፣ ሕንፃ ከመሬት ብቅ ማለቱንም ያመለክታል። «ተነሺ» የአድራጊ ቅርጽ ያለው ቃል ነው፤ ሰውየው በራሱ እንደ ተነሣ ያስመስላል። ያስነሣው አካል በቃሉ ውስጥ የለም። ይህን ስያሜ የማይቀበሉት «ተፈናቃይ» ይላሉ፤ እርሱ ግን በግጭትና በረኀብ ከቀዬው ለወጣ ሰው የሚውል ስለሆነ የአስተዳደር ሰነዶች አይወዱትም።

በልደታ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው ኮንዶሚኒየም መግባት ወይም በሌላ ቦታ «ምትክ» የቀበሌ ቤት መውሰድ። ቅድሚያ ክፍያውን ያላገኘው ሰው ምርጫው አንድ ብቻ ሆነ። ኮንዶሚኒየሙን ካገኙትም መካከል ወርኃዊውን ብድር ለመክፈል ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቦታ የኖሩ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን ሲደርስ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ እነዚሁ ቃላት ተመልሰው መጡ፤ ተነሺ፣ ምትክ፣ ካሳ። ለደመወዝተኛ ከተሠሩ ቤቶች ስሙን ያገኘው ሰፈር ራሱ የተነሺዎች ሰፈር ሆነ።

«ተመጣጣኝ» ከምን ጋር?

በአሁኑ የከተማ ልማት አማርኛ የአቅም ጉዳይ የሚገለጸው በአብዛኛው «ተመጣጣኝ ዋጋ» በሚለው ሐረግ ነው። «ተመጣጠነ» ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ይመጣጠናል። ሐረጉ ግን አንደኛውን ብቻ፣ ዋጋውን ብቻ ይጠራል። ከምን ጋር እንደሚመጣጠን ሳይናገር ያልፋል። ከግንባታ ወጪ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ከአካባቢው ገበያ ጋር፣ ከጥራቱ ጋር፣ ከገዢው ገቢ ጋርም ሊሆን ይችላል። በዚህ የተነሣ መሐል ከተማ ያለ ውድ አፓርታማ የሚሸጥ ድርጅት በማስታወቂያው ላይ «በተመጣጣኝ ዋጋ» ቢል አልዋሸም፤ ከጎኑ ካለው ሕንፃ ጋር አመጣጥኖ ይሆናል። ያንኑ ሐረግ የመንግሥት ሰነድ ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪ ሲጠቀምበት ቃሉ ያው ነው፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚለይ ምልክት በቋንቋው ውስጥ አልተቀመጠም።

ሌሎች አማራጮች በጽሑፍ ተሞክረዋል። «አነስተኛ ወጪ» የሚለው የገንቢውን ወጪ እንጂ የነዋሪውን ክፍያ አይናገርም። «አቅምን ያገናዘበ» ይሻላል፤ ቢያንስ አቅም የሚባል ነገር እንዳለ ይጠቅሳል፤ ግን የማን አቅም እንደሆነ አይናገርም። «የመክፈል አቅም» ደግሞ ስም ነው፤ ባለቤት ይቀበላል፣ ቁጥርም ይቀበላል። «የነዋሪው የመክፈል አቅም ከገቢው ይህን ያህል እጅ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከ«ጂ+12» ጎን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መቀመጥ የሚችል ቃል ይህ ነው።

ቁጥር ሲገኝ ምን እንደሚለወጥ ከቅርቡ ሕግ ማየት ይቻላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን እንዲሆን ደነገገ። አዋጁ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ ነገር ግን ክርክሩ ስለ መጠንና ስለ ዓመት ነው፤ ሊጣራና ሊከሰስበት ይችላል። ስለ «ተመጣጣኝ» እንዲህ ያለ ክርክር ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ቤት ተመጣጣኝ አልነበረም ብሎ የሚከስ ሰው የሚያቀርበው መለኪያ የለውምና።

ማጠቃለያ

የአዲስ አበባን የሕንፃ ክርክር ቃላት ብቻ አልፈጠሩትም። የመሬት ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የባንክ ብድርና የመንግሥት ውሳኔ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቃላቱ ያደረጉት ክርክሩ በምን ላይ እንደሚካሄድና በምን ላይ እንደማይካሄድ መወሰን ነው። «ፎቅ» ከ«ላይ» ተነሥቶ፣ በ«ጂ ፕላስ» በኩል አልፎ፣ የሚቆጠር የሕግ መለኪያ ሆነ። የሠራተኛው ቤት ስም ግን ሁለት ጊዜ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ አንድ ጊዜ «የቀበሌ ቤት» ሆኖ በአከራዩ ስም ተሸፈነ፤ አንድ ጊዜም «ሃያ ሰማንያ» ሆኖ የባንኩን ድርሻ ለካ። ዛሬ ደግሞ «ተመጣጣኝ» ሆኖ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው።

የሙያ ቃላትን የሚያጠኑና የሚያወጡ የቋንቋ ባለሙያዎች በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። በፕላንና በቤት ልማት መዝገበ ቃላት ውስጥ «ተመጣጣኝ» ብቻውን ሊቆም አይገባም፤ «ከ… ጋር» የሚለውን ማሟያ እንዲጠይቅ፣ ማሟያውም የነዋሪው ገቢ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። በ«ዝቅተኛ የሕንፃ ከፍታ» ፋንታም «ትንሹ የፎቅ ብዛት» ቢባል፣ አንድ ቅጽል ሕንፃውንና ሰውየውን በአንድ ላይ መጥራቱ ይቀራል። የደንቡን ይዘት ይህ አይለውጥም፤ ደንቡን የሚያነብ ሰው ግን ከፍ የሚለውና የሚወጣው ማን እንደሆነ ለይቶ ያነባል።